የማይሰነጠቅና የማይወላውል የእንጨት ጠረጴዛ በቤት ለመሥራት፦ ዝርዝር መመሪያ

ጠረጴዛ ሠርተው ያዘኑ ሰዎች ታሪክ ይመሳሰላል። በተሠራ ሰሞን ያየው ሁሉ ያደንቀዋል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ መሃሉ ላይ ወረቀት የሚያስገባ ስንጥቅ ይወጣል። አንዱ ጠርዝ ወደ ላይ ይነሳል። ብርጭቆ ባስቀመጡ ቁጥር ይወዛወዛል። ከዚያ መጋዙ ይወቀሳል፣ ኮላው ይወቀሳል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ መጋዝ ከመነሳቱ በፊት የተሠራ ነው። ወይ እንጨቱ አልደረቀም፣ ወይ እንዳይንቀሳቀስ ተደርጎ ተቸንክሯል።

የእኔም የመጀመሪያ ጠረጴዛ በስምንተኛው ወር መሃል ለመሃል ተከፍሏል። ስለዚህ እዚህ ማድረቅ ላይ፣ ኮላ ላይና ገበታውን ከእግሮቹ ጋር ማያያዝ ላይ እቆያለሁ። ሌላውን ቶሎ ቶሎ እናልፈዋለን።

ልኩ

የምንሠራው 160 ሳ.ሜ. ርዝመት፣ 80 ሳ.ሜ. ስፋትና 75 ሳ.ሜ. ከፍታ ያለው ጠረጴዛ ነው። ወፍራም ጣውላ፣ ወፍራም እግር፣ ጉጡና የመጋዝ ፈለጉ የሚታይ። ስድስት ሰው ያስቀምጣል።

ልኩን መቀየር ትችላላችሁ። ሁለት ነገር ግን አትንኩ። ከፍታው ከ72 እስከ 76 ሳ.ሜ. ይሁን። ከወለሉ እስከ አግዳሚው (እግሮቹን ከገበታው ሥር እርስ በርስ የሚያያይዘው እንጨት) ታችኛ ጠርዝ ቢያንስ 60 ሳ.ሜ. ይቅር፤ አለበለዚያ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱን ያጋጫል።

የሚያስፈልገው እንጨት ተልጎና ተቆርጦ ሲያልቅ ይህን ይመስላል፦

- ለገበታው (ለላይኛው ሰፊ ገጽ) 5 ጣውላ፣ እያንዳንዱ 160 × 16 × 4 ሳ.ሜ.
- ለእግር 4፣ እያንዳንዱ 71 × 9 × 9 ሳ.ሜ.
- ረጅም አግዳሚ 2፣ 112 × 10 × 3 ሳ.ሜ.
- አጭር አግዳሚ 2፣ 52 × 10 × 3 ሳ.ሜ.
- ተሻጋሪ (ከአንዱ ረጅም አግዳሚ ወደ ሌላው የሚሻገር) 3፣ 62 × 8 × 3 ሳ.ሜ.
- የማዕዘን ማሰሪያ (ሁለት አግዳሚዎችንና እግሩን በሰያፍ የሚያስር) 4፣ 8 ሳ.ሜ. ከፍታና 4 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው፣ ረጅሙ ጎኑ 22 ሳ.ሜ. ገደማ
- ትንንሽ መደገፊያ (የተሻጋሪዎቹን ጫፍ ከሥር የሚሸከም) 6፣ 12 × 3 × 3 ሳ.ሜ.

ስትገዙ ለገበታው ጣውላ በርዝመት 5 ሳ.ሜ.፣ በስፋት 1 ሳ.ሜ.፣ በውፍረት ግማሽ ሳ.ሜ. ጨምሩ። መላጊያ ይበላዋል። ሻጩ «4 ነው» ያለውን ጣውላ እራሳችሁ ለኩ። ብዙ ጊዜ 4 አይሆንም።

መሣሪያ

ሜትር፣ ስኳድራ (90 ዲግሪ ማረጋገጫ)፣ ስለታም ቢላዋ፣ መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮ፣ ድሪልና ፑንታዎች (የመብሻ ብረቶች)፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የእንጨት ኮላ፣ ቢያንስ ስድስት ረጅም ሞርሳ (እንጨት አጥብቆ መያዣ)። ሞርሳ ከሌላችሁ ዘንግና ሽብልቅ ይሠራል፤ እመለስበታለሁ።

የዓይን መከላከያና የአፍንጫ መሸፈኛ አትዝለሉ። ድሪል ስትይዙ ጓንት አታድርጉ። የሚሽከረከር ብረት ጓንት ከያዘ ጣትንም ይዞ ነው የሚሄደው።

## ደረጃ 1፦ እንጨቱን ምረጡ

1. ጣውላውን አንድ ጫፍ ይዛችሁ እንደ ጠመንጃ አነጣጥሩበት። በርዝመቱ በትንሹ የጎበጠ ይስተካከላል። እንደ ጨርቅ የተጠማዘዘውን ተዉት። የተጠማዘዘ እንጨት ቢላግም ነገ ተመልሶ ይጠማዘዛል።

2. ጉጡን በጣታችሁ ግፉ። የማይነቃነቅ ጉጥ ጌጥ ነው። የሚነቃነቅ ከሆነ ይወድቃል። ዙሪያው ጥቁር ክብ ያለበት ጉጥ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ዓይነት ነው።

3. የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክሉ ጉድጓዶችን ፈልጉ። ጣውላውን መሬት ላይ መታ መታ አድርጉት። ዱቄት የሚመስል ብናኝ ከወጣ ተባዩ ውስጡ አለ። ቤት አታስገቡት።

4. የእንጨቱን ልብ፣ ማለትም የግንዱ እምብርት ያለበትን ጣውላ ለገበታ አትጠቀሙ። መሰንጠቁ አይቀርም።

አሮጌ እንጨት ለዚህ ዓይነት ጠረጴዛ ያምራል። ግን ጣጣ አለው። መጀመሪያ ማግኔት አስኪዱበት፤ የተደበቀ ምስማር የመጋዝ ጥርስ ይጨርሳል። የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍጉት። የባቡር ሐዲድ ማጋደሚያ እንጨት በክሬዮዞት (እንጨት እንዳይበሰብስ በሚደረግ መርዛማ ዘይት) የተነከረ ስለሆነ ለምግብ ጠረጴዛ አይሆንም። የዕቃ መጫኛ ፓሌት ከሆነ ማኅተሙን እዩ። «ኤች ቲ» የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፣ ይሆናል። «ኤም ቢ» የሚለው በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታከመ ነው፣ ተዉት።

ለእግሩ 9 በ9 የሆነ ደረቅ እንጨት ማግኘት ከባድ ነው። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይሆናል። 3 ሳ.ሜ. ውፍረት ያላቸውን ሦስት ጣውላዎች በኮላ ደርባችሁ አንድ እግር ብታደርጉ ይሻላል። ይደርቃል፣ አይጣመምም፣ የተደረበ መሆኑም ቶሎ አይታወቅም።

## ደረጃ 2፦ አድርቁ

ትዕግሥት የሚያልቀው እዚህ ነው። «ሻጩ ደርቋል ብሎኛል» አይበቃም።

ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ጠረጴዛ የእንጨቱ እርጥበት ከ8 እስከ 12 በመቶ መሆን አለበት። ከዛፉ በቅርብ የተሰነጠቀ ጣውላ ጥላ ሥር ሲደርቅ በግምት ለ2.5 ሳ.ሜ. ውፍረት አንድ ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ የደረቀ ግዙ።

እንዴት ይታወቃል? የእርጥበት መለኪያ ካላችሁ ጨርሳችኋል። ከሌላችሁ ሚዛንና ምድጃ ይበቃል።

1. ከጣውላው ጫፍ ቢያንስ 30 ሳ.ሜ. ወደ ውስጥ ግቡና 2 ሳ.ሜ. የምታህል ቁራጭ አውጡ። ጫፉ ሁልጊዜ ከመሃሉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ያታልላል።
2. ወዲያው መዝኑት። እንበል 112 ግራም።
3. 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ባለ ምድጃ ውስጥ አስቀምጡት። በየሰዓቱ መዝኑ። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም አውጡት። እንበል 100 ግራም ሆነ።
4. የጠፋውን ውሃ ለደረቁ ክብደት አካፍሉ። 12 ለ100፣ 12 በመቶ ማለት ነው።

18 ወይም 20 በመቶ ከወጣ ሥራ አትጀምሩ። ይልቅ እንዲህ ደርድሩት፦ ከመሬት ከፍ ያለ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው፣ ነፋስ የሚያልፍበት። በጣውላና በጣውላ መካከል በየ40 ሳ.ሜ. 2 ሳ.ሜ. ውፍረት ያላቸው ደረቅ ዘንጎች አድርጉ። ዘንጎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይዋሉ፤ ከተዛነፉ ጣውላው በእነሱ ልክ ይጎብጣል። የጣውላዎቹን ጫፍ ቀለም ወይም ሰም ቀቡት። በጫፍ በኩል ውሃ ቶሎ ስለሚወጣ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። ከላይ ክብደት ጫኑበት።

እርጥበቱ ልክ ከሆነ በኋላም ጠረጴዛው በሚኖርበት ክፍል ወይም በሚመስለው ቦታ ሁለት ሦስት ሳምንት አቆዩት። ክፍሉን ይልመደው።

ፀሐይ ላይ ላስጣው? አይሆንም። ላዩ ቶሎ ደርቆ ይጨማደዳል፣ ውስጡ ይቀራል፣ በሁለቱ መሳሳብ ይሰነጠቃል።

## ደረጃ 3፦ የጣውላዎቹን ጠርዝ አጋጥሙ

አምስቱን ጣውላ ወለል ላይ ደርድሩ። አገላብጡ፣ ቦታ አቀያይሩ። ቆማችሁ ከሩቅ እዩት። የሚያምረው ፊት ወደ ላይ ይሁን። የዓመት ክቦቹን (በጣውላው ጫፍ የሚታዩትን ቅስት መስመሮች) አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች ማፈራረቅ ግዴታ ነው የሚሉ አሉ። እንጨቱ ደረቅ ከሆነ እኔ ለመልኩ ነው የማደላው።

ሲጥማችሁ ላዩ ላይ በእርሳስ አንድ ትልቅ ሦስት ማዕዘን ሣሉ፤ አምስቱንም ጣውላ ይንካ። በኋላ ቢቀላቀል ሦስት ማዕዘኑ ተራውን ይመልስላችኋል።

አሁን ጠርዙን ላጉ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸነፋል፤ መላጊያውን ልክ 90 ዲግሪ ይዞ መሄድ ከባድ ነው። መላው ይህ ነው፦

1. የሚጋጠሙትን ሁለት ጣውላዎች እንደ መጽሐፍ እጠፏቸው። ፊትና ፊታቸው ይነካካ።
2. ሁለቱን ጠርዞች እኩል አድርጋችሁ አጥብቃችሁ እሰሩ።
3. ሁለቱንም አንድ ላይ ላጉ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልተቆረጠ ልጭ ሲወጣ አቁሙ።
4. ፈታችሁ መጽሐፉን ግለጡት።

መላጊያችሁ 2 ዲግሪ ቢያጋድል እንኳ አንዱ ጣውላ ላይ የጎደለው ሌላው ላይ ተርፎ ይገኛል። ሲገለጥ ይካካሳል። ጠርዙ ቀጥ ባይልም ገጹ ቀጥ ይላል።

ፈተናው፦ አንዱን ጣውላ በጠርዙ አቁሙ፣ ሌላውን ላዩ ላይ አስቀምጡ። ከኋላ መብራት አብሩ። ብርሃን ካለፈ ይቀራል። ላይኛውን ወደ ግራና ቀኝ ግፉት። መሃሉ ላይ እንደ እንዝርት ከተሽከረከረ መሃሉ ጎብጧል፣ መሃሉን ብቻ ትንሽ ላጉ። ጫፍና ጫፉ ላይ ከተያዘ ደህና ነው። በመሃል የወረቀት ያህል ክፍተት ቢኖር ሞርሳው ይዘጋዋል። ከዚያ በላይ ክፍተት በጉልበት አትዝጉ። ዛሬ በሞርሳ የተዘጋ ክፍተት ነገ ስንጥቅ ሆኖ ይመለሳል።

መላጊያው ቃጫ እየነቀለ ከሆነ ከጅማቱ በተቃራኒ እየሄዳችሁ ነው። ጅማት የምለው በጣውላው ርዝመት የሚሄዱትን መስመሮች ነው። ጣውላውን አዙሩና ከሌላው ጫፍ ጀምሩ።

## ደረጃ 4፦ በኮላ አጣብቁ

መጀመሪያ ያለ ኮላ ሙሉውን ግጠሙ፤ ሞርሳውን አጥብቁ፤ እዩ። ኮላ ከተቀባ በኋላ ያላችሁ ጊዜ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ያኔ ሞርሳ መፈለግ የለም።

አምስቱን በአንድ ጊዜ አታጣብቁ። ሁለት ሁለቱን ለየብቻ፣ በማግሥቱ ሁለቱን ጥንዶችና አምስተኛውን አንድ ላይ።

1. ክፍሉ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሁን። ነጭ የእንጨት ኮላ በብርድ ጠመኔ ይመስላል እንጂ አይዝም።
2. ጠርዙን ዛሬ ከላጋችሁ ዛሬውኑ አጣብቁ።
3. ሁለቱንም ጠርዝ በስሱ ቀቡ። ባዶ ቦታ አይቅር።
4. ሞርሳዎቹን በየ25 እና 30 ሳ.ሜ. አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አድርጉ። ሁሉም ከላይ ከሆነ ገበታው እንደ ጀልባ ይጎብጣል።
5. ከመሃል ወደ ጫፍ አጥብቁ። በመጋጠሚያው ርዝመት ሁሉ የኮላ ጠብታዎች እንደ ጨሌ ተደርድረው ሲወጡ ይበቃል። ኮላው እየጎረፈ ከሆነ አበዛችሁ። ጭራሽ ካልወጣ አነሰ፤ ፈታችሁ ድገሙ።
6. ቀጥ ያለ ዘንግ በስፋቱ ላይ አስቀምጡና ጎብጦ እንደሆነ እዩ። አሁን ይስተካከላል፣ ነገ አይስተካከልም።

የወጣውን ኮላ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉ። ውሃው ኮላውን ወደ እንጨቱ ቀዳዳ ይነዳዋል። በኋላ ዘይት ስትቀቡ እዚያ ቦታ ላይ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ይቀራል። 30 ወይም 40 ደቂቃ ጠብቁ። ላስቲክ ሲመስል በመሮ ፈቅፍቁት።

ሞርሳ ከሌላችሁ ከገበታው ስፋት የሚረዝሙ ሦስት ጠንካራ ዘንጎች ወለል ላይ አስቀምጡ። በእያንዳንዱ ሁለት ጫፍ ላይ ማቆሚያ እንጨት አጥብቃችሁ ምቱ። ጣውላዎቹን መሃል አድርጉና በማቆሚያውና በጣውላው መካከል ሁለት ሽብልቅ በተቃራኒ አቅጣጫ አስገብታችሁ በመዶሻ አቀራርቧቸው። ዘንጎቹ ላይ ላስቲክ ማንጠፍ አትርሱ። እኔ ረስቼ ዘንጉን ከገበታው ጋር አጣብቄ አውቃለሁ።

ለ24 ሰዓት አትንኩት።

## ደረጃ 5፦ ገበታውን አስተካክሉ

መላጊያውን መጀመሪያ በሰያፍ፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አስኪዱ፤ ከፍ ያለውን ይቆርጣል። ከዚያ በጅማቱ አቅጣጫ ጨርሱ።

መጠማዘዙን ለማወቅ ሁለት እኩል ቀጥ ያሉ ዘንጎች ውሰዱ። አንዱን በአንድ ጫፍ፣ ሌላውን በሌላው ጫፍ አጋድሙ። ዝቅ ብላችሁ በአንድ ዓይን እዩ። የሁለቱ ላይኛ ጠርዝ ትይዩ ካልሆነ ከፍ ያለውን ማዕዘን ላጉ።

ጫፎቹን አሁን በ160 ሳ.ሜ. ቁረጡ። መስመሩን በእርሳስ ሳይሆን በቢላዋ አስምሩ። ቢላዋው ቃጫውን ቀድሞ ስለሚቆርጠው መጋዙ አይነቅለውም።

የብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 80፣ ከዚያ 120፣ ከዚያ 180። ሁልጊዜ በጅማቱ አቅጣጫ። ከ80 ወደ 180 ከዘለላችሁ ጭረቱ ዘይት ሲነካው ይታያል። የመጋዝ ፈለግና ጠባሳ ሁሉ መጥፋት የለበትም፤ የዚህ ጠረጴዛ መልክ እሱ ነው። እጅ የሚቆርጡትን ጠርዞች ግን አድቡሏቸው።

የወደቀ ጉጥ ወይም ስንጥቅ ካለ በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ በሚጠነክር ማጣበቂያ) ሙሉት። ከሥር ፕላስተር ለጥፉ፣ አለበለዚያ ሌሊቱን ሁሉ ይንጠባጠባል። ሰጋቱራና ኮላ መለወስ ለትንሽ ቀዳዳ ይሆናል። ለትልቅ ስንጥቅ ግን አይሆንም፤ ዘይት ስለማይጠጣ ልጥፍ መስሎ ይታያል።

ትልቁ ማስጠንቀቂያ። በገበታው ሁለት ጫፍ ላይ ጣውላ በተቃራኒ አቅጣጫ አጋድማችሁ በኮላ ወይም በምስማር አትምቱ። ሲያዩት ያምራል። ግን እንጨት በስፋቱ ይሰፋል ይጠባል፤ በርዝመቱ ግን አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። 80 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ገበታ እርጥበቱ በ4 በመቶ ሲለዋወጥ 8 ሚ.ሜ. ያህል ሊንቀሳቀስ ይችላል። የተጋደመው ጣውላ አላላውስም ይለዋል። ከሁለቱ አንዱ መሰንጠቁ ነው። የእኔ የተሰነጠቀው በዚህ ነበር።

## ደረጃ 6፦ እግሮቹንና አግዳሚዎቹን ግጠሙ

ወንዴና ሴቴ ማጋጠሚያ (የአንዱ እንጨት ምላስ በሌላው ጉድጓድ የሚገባበት) መሥራት የምትችሉ በዚያው ቀጥሉ። ለጀማሪ የምመክረው የማዕዘን ማሰሪያ ነው። ሲላላ ይጠበቃል፣ በጠባብ በር ሲያልፍ ይፈታል።

1. የአግዳሚዎቹን ጫፍ ልክ 90 ዲግሪ ቁረጡ። በስኳድራና በቢላዋ አራቱንም ጎን አስምሩ። ሁለቱን ረጃጅም ደራርባችሁ አንድ ላይ አስተካክሉ፣ ሁለቱን አጫጭርም እንዲሁ። 1 ሚ.ሜ. ልዩነት ጠረጴዛውን ያጣምመዋል።

2. ካርቶን ላይ አንዱን ማዕዘን በእውነተኛ ልኩ ሣሉ። እግሩ 9 በ9። አግዳሚዎቹ ከእግሩ ውጫዊ ፊት 1 ሳ.ሜ. ገባ ብለው ይጀምሩ። ከዚያ በ45 ዲግሪ የሚጋደመውን ማሰሪያ ሣሉ። ልኩን ከካርቶኑ ውሰዱ፤ ከእኔ 22 ሳ.ሜ. ይልቅ የራሳችሁን ሥዕል እመኑ።

3. የእግሩን ውስጠኛ ማዕዘን፣ ከላይኛው ጫፍ 10 ሳ.ሜ. ያህል፣ በመላጊያ ወይም በመሮ ቁረጡ። 2 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ይሁን። ብሎኑ የሚገባው እዚያ ነው።

4. ማሰሪያውን ከሁለቱ አግዳሚዎች ጋር በኮላና በእያንዳንዱ ጫፍ በሁለት የእንጨት ብሎን አያይዙ። ቀድማችሁ ብሱ። የብሎኑ ጫፍ አግዳሚው ውስጥ 2 ሳ.ሜ. ብቻ ይግባ፤ 3 ከገባ በውጭ ፊቱ ይወጣል። ፑንታው ላይ ፕላስተር ጠቅልላችሁ የጥልቀት ምልክት አድርጉ።

5. በማሰሪያውና በተቆረጠው የእግር ማዕዘን መካከል ከ5 እስከ 10 ሚ.ሜ. ክፍተት መቅረት አለበት። ማሰሪያው እግሩን ቀድሞ ከነካ ዳዶውን (ብሎኑ ላይ የሚጠበቀውን ቀለበት) ምንም ብታጠብቁት እግሩ ወደ አግዳሚው አይሳብም። ጠረጴዛው ለዘለዓለም ይወላውላል። ከነካ የማሰሪያውን ፊት በመላጊያ አሳሱት።

6. ማሰሪያው ላይ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሁለት ባለ10 ሚ.ሜ. ቀዳዳ ብሱ። እግሩን በገመድ አጥብቃችሁ አስጠጉና በቀዳዳዎቹ በኩል እግሩ ላይ ምልክት አድርጉ። እግሩን አውጥታችሁ በ6 ሚ.ሜ. ፑንታ 5 ሳ.ሜ. ጥልቀት ብሱ።

7. አንድ ጫፉ የእንጨት፣ ሌላ ጫፉ የዳዶ ጥርስ ያለው ባለ8 ሚ.ሜ. ብሎን ያስፈልጋችኋል። ርዝመቱ ከ10 እስከ 12 ሳ.ሜ.። ለስምንት ቀዳዳ ስምንት። ለማስገባት ሁለት ዳዶ ጫፉ ላይ አስገብታችሁ እርስ በርስ አጣብቋቸው፤ ከዚያ በመፍቻ አሽከርክሩ። ሲገባ ከከበደ ጥርሱን ሳሙና ቀቡት።

8. እግሩን ግጠሙ፣ ሮንዴላና ዳዶ አስገቡ፣ ቀስ እያላችሁ ከላይና ከታች በተራ አጥብቁ።

አራቱም ሲያልቁ ፍሬሙን ገልብጡና ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ለኩ። ሁለቱ ሰያፍ ልኮች እኩል መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ዳዶዎቹን ላላ አድርጉ፣ ረጅሙን ሰያፍ በገመድ ሳቡና እንደገና አጥብቁ። አሁንም እምቢ ካለ የአንዱ አግዳሚ ጫፍ 90 አይደለም። ስኳድራ ይዛችሁ ፈልጉት።

አሁን ሦስቱን ተሻጋሪዎች ግጠሙ። አንዱ መሃል ላይ፣ ሁለቱ ከአጫጭር አግዳሚዎች 30 ሳ.ሜ. ገባ ብለው። ጠፍጣፋቸው ወደ ላይ ሆኖ ከአግዳሚዎቹ ላይኛ ጠርዝ ጋር እኩል ይዋሉ። ብሎን በአግዳሚው አልፎ የተሻጋሪውን ጫፍ ብቻ ቢወጋ ደካማ ነው፤ ለዚህ ነው ስድስቱ መደገፊያዎች። መደገፊያዎቹን ከአግዳሚው ጠርዝ 3 ሳ.ሜ. ዝቅ አድርጋችሁ በኮላና በብሎን ምቱ፣ ተሻጋሪውን በላያቸው አሳርፉና እዚያው እሰሩት።

## ደረጃ 7፦ ከመግጠማችሁ በፊት ቀቡ

ገበታውን አሁኑኑ ቀቡት፣ ከላይም ከታችም እኩል ጊዜ። ላዩን ሦስቴ ቀብቶ ሥሩን ባዶ መተው የተለመደ ስህተት ነው። አንዱ ፊት እርጥበት ሲጠጣ ሌላው አይጠጣም፣ ገበታው ይጎብጣል።

ለዚህ መልክ የተልባ ዘይት ደስ ይላል፤ ለእንጨት ተብሎ ቶሎ እንዲደርቅ የተዘጋጀውን ያዙ። በጨርቅ ቀቡ፣ 15 ደቂቃ ይጠጣ፣ የተረፈውን በሙሉ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። በማግሥቱ ድገሙ፤ ሦስት ጊዜ። ውሃና ትኩስ ነገር ለሚበዛበት ጠረጴዛ ቫርኒሽ ይሻላል፤ ስስ ስስ አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ፣ በመካከል ቁጥር 240 ወረቀት ነካ ነካ እያደረጋችሁ።

እሳት! የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማዶ ከተቀመጠ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ክብሪት አያስፈልገውም። ጨርቁን ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ በሞላ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት።

ከሳምንት በኋላም የሚያጣብቅ ከሆነ ዘይቱን ሳትጠርጉ ቀርታችኋል። ጨርቅ በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) አርሳችሁ እሹት፣ ጥረጉት፣ ይድረቅ።

## ደረጃ 8፦ ገበታውን ከፍሬሙ ጋር አያይዙ

ኮላ የለም። ምስማር የለም።

1. በእያንዳንዱ ተሻጋሪ መሃል ላይ አንድ ክብ ቀዳዳ፣ 5.5 ሚ.ሜ.
2. በእያንዳንዱ ተሻጋሪ ሁለት ጫፍ አካባቢ ሞላላ ቀዳዳ፤ 6 ሚ.ሜ. ስፋት፣ 16 ሚ.ሜ. ርዝመት። ሦስት ቀዳዳ አጠገብ ለአጠገብ ብሱና መሃሉን በመሮ ክፈቱ። ርዝመቱ በጠረጴዛው ስፋት አቅጣጫ ይሂድ፤ ገበታው የሚንቀሳቀሰው በዚያ በኩል ነው። በሌላው አቅጣጫ ከሠራችሁት ምንም አልሠራችሁም።
3. ገበታውን በፊቱ ብርድ ልብስ ላይ ድፉት። ፍሬሙን ገልብጡና ላዩ ላይ አስቀምጡ። በርዝመቱ 15፣ በስፋቱ 5 ሳ.ሜ. በየጎኑ ይትረፍ።
4. ገበታውን በ3 ሚ.ሜ. ፑንታ ብሱ። ጥልቀቱ 2 ሳ.ሜ. ብቻ። ፕላስተሩን አትርሱ፤ የተጠናቀቀ ገበታ በስቶ ማለፍ የሚያስለቅስ ነገር ነው።
5. 5 ሚ.ሜ. ውፍረትና 5 ሳ.ሜ. ርዝመት ያለው ብሎን ከነሮንዴላው አስገቡ። የመሃሎቹን አጥብቁ። የጫፎቹን ብሎኖች በሞላላው ቀዳዳ መሃል አድርጉ፣ አጥብቁና ሩብ ዙር መልሱ።

## ደረጃ 9፦ ቢወላውልስ?

መጋዝ ከማንሳታችሁ በፊት ጠረጴዛውን ግማሽ ዙር አዙሩት። አሁን የሚንሳፈፈው ሌላ እግር ከሆነ ጥፋቱ የወለሉ ነው። ያው እግር ከሆነ የጠረጴዛው ነው።

ዳዶዎቹን ሁሉ አጥብቁና ድጋሚ ሞክሩ። ካልቀረ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ አቁሙት። አጭሩ እግር ሥር ስስ ሽብልቅ ሰክታችሁ ውሃ ልክ ላይ አምጡት። አንዲት ትንሽ ጠፍጣፋ እንጨት መሬት ላይ አጋድሙና እርሳስ ላይዋ ላይ አድርጋችሁ በአራቱም እግር ዙሪያ አስምሩ። እንጨቷ ከሰካችሁት ሽብልቅ በትንሹ ወፈር ትበል እንጂ ከሚገባው በላይ አትወፍር፤ ያን ያህል ከፍታ ታጣላችሁ። በመስመሩ ላይ አራቱንም ቁረጡ።

አንዱን እግር ብቻ በዓይን ግምት መቁረጥ አይሆንም። በዚያ መንገድ የተጀመረ ጠረጴዛ ጉልበት ላይ ሲደርስ ነው የሚቆመው።

የእግሮቹን ታችኛ ጠርዝ ጥቂት ሰያፍ አድርጋችሁ ላጉ፤ ሲጎተት እንዳይሰነጠቅ። ሥሩንም ዘይት ቀቡት፤ ውሃ ከወለል የሚስበው በዚያ ነው።

ከአንድ ወር በኋላ ከሥሩ ግቡና ስምንቱን ዳዶዎች በመፍቻ ነካ ነካ አድርጉ። ሩብ ዙር ያህል መላላታቸው አይቀርም።